ቮልሴን ከዲናሞ ወደ ኦልተርኔተር ያስቀየርኩበት የደብረ ብርሃን ኤሌትሪክ ቤት

ደብረ ብርሃን ወይ ዙሪያዋ ቮልስ፣ ላንድሮቨር፣ ፔጆ 404፣ የድሮ ፊያት ምናምን የምትነዱ ካላችሁ ይሄ ለናንተ ነው። ጠባሴ በኩል ከዋናው አስፋልት ትንሽ ገባ ብሎ የመኪና ኤሌትሪክ የሚሰሩ አንድ አባት አሉ፣ ታፔላ የላቸውም፣ የባጃጅ ልጆቹን "የዲናሞ ቤት" ካላችኋቸው ያደርሷችኋል። ለድሮ መኪና ኤሌትሪክ እስካሁን ከገባሁባቸው ቤቶች ይሄን የሚያክል አላየሁም፣ ምክንያቱም እኚህ ሰው አንድ ቡሎን ከመፍታታቸው በፊት ይለካሉ። ሌላው ጋ መጀመሪያ ይፈታል ከዛ ይቀየራል ከዛ ያስከፍላል፣ ችግሩ ካልጠፋ ደሞ ሌላ እቃ ግዛ ይባላል።

የኔ መኪና ቮልስ ነች፣ 1300፣ እ.ኤ.አ. የ1972 ስሪት፣ ከአባቴ የደረሰችኝ ስለሆነች ሽጣት የሚለኝን ሰው አልሰማም። ስራዬ ደብረ ሲናና ሸዋሮቢት ያመላልሰኛል፣ ስለዚህ ጣርማበርን ማለፍ ግድ ነው። ጣርማበርን የሚያውቅ ያውቀዋል፣ ክረምት ላይ ጉሙ ሲወርድ በቀን እንኳን መብራት ካላበራችሁ ፊታችሁ ያለው አይሱዙ አይታያችሁም፣ ጣሊያን የቆፈረው ዋሻ ውስጥ ስትገቡ ደሞ ጉም ኖረም አልኖረም ያው መብራት ነው። መብራት፣ የዝናብ መጥረጊያ፣ ክላክስ ሁሉም ባንዴ ይሰራሉ፣ እናንተ ግን ከከባድ መኪና ኋላ ቆም ቀስ እያላችሁ ነው፣ ሞተሩ ሚኒሞ ላይ ነው፣ ማለትም ነዳጅ ሳትሰጡት ዝም ብሎ ሲዞር።

ዲናሞም ኦልተርኔተርም ሞተሩ ሲዞር ኤሌትሪክ እያመነጩ ባትሪ የሚሞሉ እቃዎች ናቸው፣ የድሮው ዲናሞ ችግር ግን እዚህ ጋ ነው የሚወጣው፣ ሚኒሞ ላይ ምንም አይሰጥም ማለት ይቻላል። የኔው 30 አምፔር ነው የሚለው ግን 30ውን የሚሰጠው ሞተሩ በደንብ ሲዞር ነው። አስሉት እስኪ፣ ሁለት ባለ 55 ዋት አምፖል አጭር መብራት ላይ ብቻ 110 ዋት ነው፣ በ12 ቮልት ስታካፍሉት 9 አምፔር ይመጣል፣ ኮይሉ፣ መጥረጊያው፣ የኋላ መብራቱና ሬዲዮው ሲጨመር ወደ 20 ይጠጋል። ዲናሞው ዝም ባለበት ሰዓት ያን ሁሉ የሚሸከመው ባትሪው ነው። ደብረ ብርሃን ደሞ 2800 ሜትር ላይ ያለች ከተማ ናት፣ ህዳርና ታህሳስ ጠዋት ውርጩ መስታወት ላይ ተጋግሮ ነው የሚጠብቃችሁ፣ በብርድ የባትሪ አቅም ይቀንሳል የሞተር ዘይት ይወፍራል፣ ማታ ሳይሞላ ያደረ ባትሪ ጠዋት ሰፈር ሰብስቦ የሚያስገፋችሁ ለዛ ነው።

ወደዚህ ቤት ከመሄዴ በፊት አንድ ጋራዥ ገብቼ ነበር፣ ስሙን አልጠራም፣ መጀመሪያ ባትሪ ቀይር አሉኝ ቀየርኩ፣ ለውጥ የለም። ከዛ ሞተሩ እየሰራ የባትሪውን ገመድ ንቅል አድርገው "ይኸው አልጠፋም ዲናሞህ ደህና ነው" ብለው ሸኙኝ። ይሄ ነገር በየቦታው ይደረጋል፣ እባካችሁ በመኪናችሁ ላይ አታስደርጉ። በድሮው ዲናሞም ጥሩ አይደለም፣ በኦልተርኔተር ከሆነ ደሞ በቃ ማቃጠል ነው። ሞተሩ ሲዞር የሚመጣውን የቮልቴጅ ዝላይ ውጦ የሚያረጋጋው ባትሪው ነው፣ እሱን ስትነቅሉት ቮልቴጁ በቅጽበት ሽቅብ ይወጣና ዳዮዶቹን (ኤሌትሪክን በአንድ በኩል ብቻ የሚያሳልፉትን) ሬጉሌተሩን (ቮልቴጁን የሚቆጣጠረውን) ይዞ ይሄዳል።

ጠባሴ ስደርስ ጋሼ (ሁሉም ሰው ጋሼ ነው የሚላቸው፣ እኔም ስማቸውን እዚህ አልጽፍም) ኮፈኑን እንኳን አላስከፈቱኝም። የኋላውን መቀመጫ አንሳ አሉኝ፣ የቮልስ ባትሪ እዛ ስር ነው ያለው፣ ቴስተራቸውን አውጥተው ለኩ፣ 12.2። "ይሄ ግማሽ ነው ልጄ፣ የሞላ 12.6 ነው ሚያሳይህ" አሉኝ። ከዛ አንዱን የቴስተር እግር ባትሪው ኔጌቲቭ ላይ፣ ሌላውን ረዳታቸው በረጅም ገመድ ወስዶ ሞተሩ ብረት ላይ ያዘና አስነሳ ተባልኩ። ሞተሪኖው (ሞተሩን የሚያስነሳው) ሲዞር 0.9 ቮልት አነበበ።

"አየህ" አሉ፣ "ይሄ ቁጥር ከ0.2 ማለፍ አልነበረበትም። መንገድ ላይ የሚቀር ነገር አለ።"

የቀረው የት እንደሆነ ሳይፈቱ ያውቁት ነበር። የቮልስ ሞተርና ካምቢዮ የሚቀመጡት ኤሌትሪክ በማያስተላልፍ የጎማ ትራስ ላይ ነው፣ ስለዚህ ከቦዲው ጋር በኤሌትሪክ የሚያገናኛቸው ከካምቢዮው አፍንጫ ወደ ቦዲ የምትሄድ አንዲት የተጎነጎነች ጠፍጣፋ የመዳብ ገመድ ነች። የኔዋ ዝጋ አረንጓዴ ሆና ግማሿ ተበጥሷል። አዲስ አስገቡ፣ የምትታሰርበትን ቦታ ብረቱ እስኪያበራ በሽቦ ብሩሽ ፈቀፈቁት፣ መልሰን ስንለካ 0.1። ሞተሪኖው ድምጹ ራሱ ተቀየረ። ስንት ሰው በዚህች ገመድ ምክንያት ሞተሪኖና ባትሪ እንደገዛ አስቡት፣ እኔም ባትሪ ገዝቻለሁ።

ከዛ ወደ ዲናሞው መጣን። እዚህ ላይ ነው ይበልጥ ያከበርኳቸው፣ ኦልተርኔተር ግባ ብለው ትልቁን ስራ ሊሸጡልኝ ይችሉ ነበር። "ዲናሞውን ካርቦኑን ቀይሬ ኮሌክተሩን አጽድቼ ላስነሳልህ እችላለሁ፣ ከተማ ውስጥ ቀን ቀን ብቻ የምትነዳት ከሆነ ይበቃሃል። ጣርማበርን በጉም እወርዳለሁ ካልክ ግን ቀይረው" አሉኝ። ልዩነቱን ሲያስረዱኝ አሮጌ ዲናሞ ፈተው እያሳዩኝ ነው፣ በዲናሞ ላይ ኃይሉ የሚመረተው በሚሽከረከረው ክፍል ውስጥ ነው፣ ያ ሁሉ 30 አምፔር በካርቦን በኩል ነው የሚወጣው፣ ስለዚህ ካርቦኑም የሚያርፍበት መዳብም (ኮሌክተሩ) ይበላል። ኦልተርኔተር ግልባጩ ነው፣ የሚመረተው በቆመው ክፍል ነው፣ በካርቦኑ በኩል የሚያልፈው መግነጢሱን የምታነቃው ጥቂት አምፔር ብቻ ናት፣ ስለዚህ በፍጥነት ቢሽከረከርም አይጎዳም፣ ሚኒሞ ላይም ይሰጣል። የሚወጣው ተለዋዋጭ ኤሌትሪክ ስለሆነ ዳዮዶች ወደ ቀጥታ ይቀይሩታል። ክራይስለር እ.ኤ.አ. በ1960 ቫሊያንት ላይ አስገብቶት ሌሎቹም ተከትለው ነው፣ ቮልስ ላይ የመጣው እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ መጀመሪያ ነው፣ ስለዚህ ለቮልስ ባዕድ እቃ አይደለም፣ የራሷ የኋለኞቹ ሞዴሎች እቃ ነው።

ኦልተርኔተሩን ከአዲስ አበባ ሶማሌ ተራ ያገለገለ ቦሽ 55 አምፔር ከነማቆሚያው አመጣሁ። ከነማቆሚያው የምለው ሰውነቱ ከዲናሞው ስለሚወፍር የድሮው ማቆሚያ አይሆነውም፣ ከፋኑ ጋር የሚያገናኘው ሰሌዳም የራሱ ነው፣ ብቻውን ገዝታችሁ እንዳትመጡ። ጋሼ ወዲያው አልገጠሙትም። ጠረጴዛ ላይ ፈቱት፣ ካርቦኖቹ አጥረው ስለነበር ቀየሩ፣ ኩሽኔታዎቹን በእጃቸው እያዞሩ ጆሯቸው ጋ አስጠግተው አዳመጡና ሁለቱንም ጣሉ። ከዛ ዳዮዶቹን አንድ በአንድ መረመሩ፣ በባትሪና በአንዲት ትንሽ አምፖል፣ በአንድ በኩል ስታገናኝ አምፖሏ ትበራለች ገልብጠህ ስታገናኝ መጥፋት አለባት፣ በሁለቱም በኩል የበራች ዳዮዷ ሾርት ነች በሁለቱም ያልበራች ተቃጥላለች። ከስድስቱ አንዷ በሁለቱም በኩል በራች። ያ ማለት ያን እቃ እንዳለ ብገጥመው መኪናው ቆሞ ሌሊቱን ባትሪዬን ሲጠጣ ሊያድር ይችል ነበር ማለት ነው፣ እኔ ደሞ ጠዋት እንደገና ባትሪ ቀይር እባል ነበር። ከሌላ አሮጌ እቃ ላይ ዳዮድ አውጥተው በየዱልኝ።

መግጠሙ ላይ ቮልስ ከሌላ መኪና ይለያል፣ ይሄን የማያውቅ ሰው እንዳይነካባችሁ። ሞተሩን የሚያቀዘቅዘው ፋን የታሰረው ዲናሞው አክስል ላይ ነው፣ አንድ ቺንጋ ነው ሁለቱንም የሚያዞረው። ስለዚህ ዲናሞ ስትቀይሩ ማቀዝቀዣውን ነው የምትነኩት። ፋኑን የሚይዘው ትልቁ ዳዶ 36 ቁጥር ነው፣ እሱ በደንብ ካልጠበቀ ፋኑ አክስሉ ላይ ይዞርና ይበላዋል። ፋኑና ሰሌዳው መሃል 2 ሚሊ ያህል ክፍተት መኖር አለበት፣ ጋሼ ሮንዴላ እያስገቡ እያወጡ በእጃቸው እያዞሩ አስተካከሉት፣ ምንም ሳይነካካ እስኪዞር። ሰሌዳው ላይ አየር የሚገባበት ቀዳዳ አለ፣ እሱ ወደ ታች ነው ማየት ያለበት፣ ገልብጠው የሚገጥሙት አሉ። ቺንጋው የሚጠብቀው እንደ ሌላው መኪና ዲናሞውን ገፍቶ አይደለም፣ ፑሊው ሁለት ግማሽ ነው፣ በመሃላቸው ቀጫጭን ሮንዴላዎች አሉ፣ ከመሃል ስታወጡ ቺንጋው ይጠብቃል ስትጨምሩ ይላላል። ያወጡትን ሮንዴላ አይጥሉትም፣ ከዳዶው ስር ከውጭ በኩል ያስቀምጡታል፣ በኋላ ይፈለጋል። ፑሊው እንዳይዞር ካቻቢቴ ጠርዙ ላይ ባለችው ቅርፍት ያስገቡና ዳዶውን በ21 ቁልፍ ይፈታሉ። በጣት ስትጫኑት አንድ ሴንቲ ተኩል ገባ ካለ በቂ ነው፣ ከዚህ በላይ ማጥበቅ አዲሱን ኩሽኔታ መግደል ነው።

ገመዱ ላይ ነው ስራው ቆንጆ የሆነው። የድሮው ሬጉሌተር በአንዳንዱ ቮልስ ዲናሞው ላይ ነው የተቀመጠው በሌላው ከኋላ መቀመጫ ስር በግራ በኩል፣ የኔ ከመቀመጫው ስር ነው። ኦልተርኔተሩ ሬጉሌተሩ ውስጡ ስለሆነ ያኛው አያስፈልግም ተነሳ። የሚቀሩት ሁለት ገመዶች ናቸው፣ ቢ ፕላስ የሚባለው ወፍራሙ ኃይሉን ወደ ባትሪ ይወስዳል፣ ዲ ፕላስ ደሞ ዳሽቦርድ ላይ ወዳለችው ቀይ መብራት ይሄዳል። የድሮው ወፍራም ገመድ ለ30 አምፔር ታስቦ የተዘረጋ ነው፣ 55 አምፔር በዛ ውስጥ መላክ ገመዱን ማሞቅ ነው፣ ስለዚህ 10 ሚሊ ካሬ አዲስ ገመድ ከኦልተርኔተሩ ባትሪው ኬብል ወደሚታሰርበት የሞተሪኖ ቡሎን አመጡ፣ መሃሉ ላይ ፊውዝ አደረጉበት፣ ጫፎቹን በፒንሳ ጨምቆ በናስትሮ መጠቅለል የሚባል ነገር የለም፣ ተርሚናሉን በማሽን ጨመቁት ከዛ በየዱት ከዛ ሙቀት ሲነካው የሚሰበሰበውን ፕላስቲክ አለበሱት። ወደ ፊት መብራቶቹ የሚሄደው የድሮው ገመድ ኃይል እንዳያጣ እሱንም እዛው ሬጉሌተሩ በነበረበት ቦታ በተርሚናል አገናኙት።

ስለ ቀይዋ መብራት አንድ ነገር ልጨምር ምክንያቱም ብዙ ሰው የሚሸወደው እዚህ ጋ ነው። ቁልፍ ስትከፍቱ በመብራቷ ውስጥ አልፋ የምትሄደው ትንሽ ኤሌትሪክ ነች ኦልተርኔተሩን መጀመሪያ የምታነቃው። አምፖሏ ከተቃጠለች ኦልተርኔተሩ ላይነቃ ይችላል፣ ባዶውን ይዞራል፣ እናንተ ደሞ መብራት ስላልበራ ደህና ነው ትላላችሁ። ኤል ኢ ዲ አምፖል የቀየራችሁበትም እንደዛው፣ የሚያልፍበት ኤሌትሪክ በጣም ትንሽ ስለሆነ አይነቃም። ቁልፍ ስከፍት ካልበራች ሞተር አላስነሳም፣ ይሄን ከሳቸው ነው የወሰድኩት። ቮልስ ላይ ደሞ እየነዳችሁ ቀይዋ ከበራች የመሙላት ችግር ነው ደርሼ አያለሁ የሚባል ነገር የለም፣ ቺንጋ ተበጥሶ ሊሆን ይችላል፣ ቺንጋ ከተበጠሰ ፋኑም ቆሟል፣ ሞተሩ በአየር ነው የሚቀዘቅዘውና ጣርማበር ዳገት ላይ ለመንከስ (ግሎ ተጣብቆ ለመቆም) ብዙ አይፈጅበትም። ወዲያው ዳር ይዛችሁ አጥፉ፣ መለዋወጫ ቺንጋና 21 ቁልፍ መኪና ውስጥ ይኑራችሁ።

ባትሪው ላይ ክዳን አድርጉ ብለው አስገደዱኝ። የቮልስ የኋላ መቀመጫ ስሩ የብረት ስፕሪንግ ነው፣ ከባድ ሰው ሲቀመጥበት ስፕሪንጉ ወርዶ የባትሪውን ጫፍ ይነካል፣ ከላይ ያለው የመቀመጫ ሙሌት ደሞ የሚነድ ነገር ነው። በዚህ ምክንያት የተቃጠለ ቮልስ ብዙ ነው። ከአሮጌ የጎማ ምንጣፍ ቆርጠው ሰሩልኝ፣ ለሱ አላስከፈሉኝም።

ውጤቱ፣ ሚኒሞ ላይ አጭር መብራትና መጥረጊያ በርቶ ባትሪው ላይ 13.6 ቮልት፣ ነዳጅ ሰጥ ሲደረግ 14.2። ነዳጅ እየተሰጠ ከ13.8 እስከ 14.4 ባለው ውስጥ ሲሆን ነው ጤነኛ የሚባለው፣ 15 ካለፈ ባትሪ ያፈላል። ጋሼ ኦልተርኔተሩ ጀርባ ላይና ባትሪው ላይ ለይተው ለኩ፣ ልዩነቱ 0.1 ነበር፣ ልዩነቱ ግማሽ ቮልት ከሆነ ጥፋቱ ገመዱ ላይ ነው እንጂ ኦልተርኔተሩ ላይ አይደለም አሉኝ። ከዛ ወዲህ ጣርማበርን በጉም ወርጄ ወጥቻለሁ፣ መብራቱ ከባድ መኪና ኋላ ስቆም አይደበዝዝም፣ መጥረጊያው አይንቀራፈፍም። ጠዋት በውርጭ በአንድ ቁልፍ ነው የምትነሳው።

እኔ እዛ እያለሁ ከመሃል ሜዳ የመጣ ሰው ላንድሮቨር ይዞ ነበር፣ ይሄም ለሌሎች ይጠቅማል። እ.ኤ.አ. እስከ 1960ዎቹ አጋማሽ የተሰሩት የእንግሊዝ መኪኖች ብዙዎቹ ቦዲው ላይ የሚታሰረው ፖዘቲቩ ነው። ሰውየው ኦልተርኔተር ገዝቶ ይዞ መጥቷል፣ ኦልተርኔተር ደሞ አብዛኛው በኔጌቲቭ ግራውንድ፣ ማለትም ኔጌቲቩ ቦዲው ላይ ሲታሰር የሚሰራ ነው፣ እንዳለ ቢታሰር ዳዮዶቹ በዛች ቅጽበት ነው የሚነዱት። ጋሼ መጀመሪያ ባትሪውን ገለበጡ፣ የኮይሉን ሁለት ገመዶች አቀያየሩ፣ የአምፔር ሜትሩንም እንደዛው፣ ሬዲዮውን ነቅለው አወጡት። "አንቱ ባይነግሩኝ ዛሬ ገንዘቤ ጭስ ነበር" አላቸው ሰውየው። የድሮ ላንድሮቨር ያላችሁ ምንም ከመግዛታችሁ በፊት ባትሪያችሁ ወደ ቦዲ የሚሄደው የትኛው እንደሆነ እዩ።

አሁን ያልወደድኩትን። አንደኛ ይቆያል፣ በጣም ይቆያል። ነገ ውሰድ የተባለ መኪና ነገ አያልቅም፣ ብቻቸውን ናቸው ረዳቱም ገና ተማሪ ነው፣ ስራውን ለልጁ ጥለው ስለማይሄዱ ወረፋው ይረዝማል፣ በየበዓሉ ደሞ ይዘጋል። መኪናው ለእንጀራችሁ የሚሰራ ከሆነ ይሄን አስቡበት። ሁለተኛ ደረሰኝ የለም፣ የተቀየረውን እቃ በወረቀት ጽፈው አይሰጡም፣ እኔ ራሴ ጽፌ ነው ያስቀመጥኩት፣ እንዲህ ያለ ስራ የሚሰራ ቤት ቢያንስ ምን እንደቀየረ ቢጽፍ ለሚቀጥለው ሰራተኛም ይጠቅም ነበር። ሶስተኛ አዲሱን ገመድ ማሞቂያ ቱቦው አጠገብ በፕላስቲክ ማሰሪያ ነበር ያሰሩት፣ እዛ ጋ ያለው ሙቀት ፕላስቲኩን ያቀልጠዋል፣ ስነግራቸው ሳይከራከሩ በብረት መያዣ ቀየሩት ግን መጀመሪያውኑ እንደዛ መሆን ነበረበት። ክረምት ላይ ግቢው ጭቃ ነው፣ መቀመጫም የለም።

ለእጃቸው 4500 ብር ነው የከፈልኩት፣ ካርቦኑ ኩሽኔታውና ገመዱ ሌላ ነው፣ እነሱን ራሳችሁ ገዝታችሁ ብታመጡ ቅር አይላቸውም፣ ግን ኩሽኔታ ከመግዛታችሁ በፊት አሮጌውን ያስወጡና ላዩ ላይ ያለውን ቁጥር አይታችሁ ግዙ። ጠዋት ሞተሩ ሳይሞቅ ብትደርሱ ይመረጣል፣ ብርድ ላይ ያደረ ባትሪ ነው እውነቱን የሚናገረው ይላሉ። አዲስ ቺንጋ ትንሽ ከሰራ በኋላ ስለሚለጠጥ ደሞ መልሳችሁ ውሰዱላቸው፣ ከፑሊው መሃል አንዷን ሮንዴላ አውጥተው ያጠብቁላችኋል፣ ለዛ አያስከፍሉም።